ከደጅ ያልቆምሽባቸው አራት ወራት

ለልጄ ለሰርክአዲስ፣ ኪየቭ።

እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይሁንሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጣሪያችን ብቻ አሁንም ያፈስሳል።

ሐኪሟ የእንቁላል እጢሽ ላይ ትናንሽ የውሃ ከረጢቶች ማየቷን የጻፍሽበት ደብዳቤ ደረሰኝ። ጎረቤታችንን ነርስ እፀገነትን ሦስት ጊዜ አስነበብኳት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ በሽታ ነው፤ ምን ኃጢአት አለበት?» አለችኝ። የወር አበባን ያዛባል፣ አገጭ ላይ ፀጉር ያበቅላል፤ ጨርሶ ባይድንም በእግር በመሄድ፣ ጣፋጭና ፉርኖ ዳቦ በመቀነስ ይገራል። ብዙዎችም ይወልዳሉ አለችኝ።

በአሥራ ሰባት ዓመትሽ፣ ሌሎች ልጃገረዶች የወር አበባቸው ሲመጣ ከጊዮርጊስ ደጅ ሲቆሙ፣ አንቺ አራት ወር ሙሉ ሳታቋርጪ ወደ ውስጥ ገባሽ። እኔም እንደ ክፍል ተማሪ መቅረትና መገኘትሽን ስቆጥር ከረምኩ። ከዚያ አርግዘሻል ብዬ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አስማልኩሽ። «እማዬ፣ ለምን እንደቀረ እኔም አላውቅም» አልሽኝ፤ አላመንኩሽም። እውነትሽን ነበር።

አሁን የቀበሌ ስኳሬን ለእፀገነት ልጆች ሰጥቼ ጠዋት ጠዋት እስከ ስድስት ኪሎ በእግሬ እሄዳለሁ። አንቺም እዚያ ተራመጂ፤ አብረን የሄድን ይመስለኛል።

ባለፈው እሁድ ከደጅ ቆሜ አስቀደስኩ። እመቤታችን ትጠብቅሽ፣ ማህፀንሽን ትባርክልሽ። ይቅር ካልሽኝ በአንድ መስመር ጻፊልኝ፤ እስከዚያው ቦታዬ ደጅ ነው።

እናትሽ