ከኮረብታው ላይ የታየው ባሕር

ይድረስ እንደ ወላጅ እናቴ ለማይዎ፣ ለባለቤቴ እናት፤

እማዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደረጃ መውረዱ ቀለለልዎ? ያ ሳልስ ተወዎት ወይ? እኛ ደህና ነን ብዬ እንድጽፍልዎ ልጅዎ አዞኛል። እሱ አጠገቤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም። ስልክ ብደውልልዎ ይሰማኛል፣ በወረቀት የመጣሁትም ለዚሁ ነው። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

የዓይኑን ነገር ያውቃሉ። ሐኪሙ፣ ማየት የሚፈልገው ነገር ካለ አሁኑኑ ይየው ሲለን እኔ አለቀስኩ፤ እሱ ግን መንገድ ላይ እየሳቀ፣ ባሕር ሳላይማ አልቀርም አለ። ከመምጣታችን በፊት የጻፈው የመጨረሻ ታፔላ የፀጉር አስተካካዩ ነበር። ፊደሎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥተዋል። ፀጉር አስተካካዩ ጨዋ ሰው ነው፣ ምንም ሳይል በሩ ላይ ሰቀለው። ዝምታው ግን ነገሩን ሁሉ ነገረው መሰለኝ፣ ልጅዎ ቤት ገብቶ ብሩሾቹን ሰብስቦ ለቀለም ቀቢው ጎረቤታችን ሰጠ።

ከተማዋ ቆንጆ ናት፣ አልዋሽዎትም። ከፔንሲዮናችን በር ወጥተው መንገዱን ከተሻገሩ አሸዋው ነው። የመጣን ዕለት ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ውሃው ውስጥ ገባ። ከልቡ ሳቀ። ወዲያው የልጆች ኳስ መጥታ ደረቱን መታችው። እኔ ስትመጣ ከሩቅ አይቻታለሁ፤ እሱ እጁን እንኳ አላነሳም። በኋላ አሸዋው ላይ ከተተከሉት ዣንጥላዎች ሥር ስንቀመጥ፣ ይሄ ቀዩ ያምራል አለኝ። ዣንጥላው ሰማያዊ ነበር። እየቀለደ ነው ብዬ ሳቅኩ። ያን ሳቄን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

በማግስቱ ኮረብታው ላይ እንውጣ አለ። እንግዳ ሁሉ የሚወጣበት በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ አለ፤ ከላይ ሲሆኑ ከተማውም ባሕሩም ቁልጭ ብሎ ይታያል ይላሉ። የፔንሲዮኗ ባለቤት፣ ዛሬ ጭጋግ ነው፣ ምንም አታዩም፣ ሌላ ቀን ውጡ ብላኝ ነበር። እሱ እየታጠበ ስለነበር አልሰማትም። ልቡን ልሰብረው አልፈለግሁምና ወጣን። እየወጣን ስንሄድ ጭጋጉ ይብስ ወፈረ። መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ዳገቱ አደከመኝ እያለ እጄን ይይዛል። ጫፉ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን።

እማዬ፣ ከፊታችን ምንም አልነበረም። ነጭ ብቻ። የባሕሩን ድምፅ ሰማሁ እንጂ ባሕሩን አላየሁትም። እሱ ወደ ፊት አተኩሮ ሲያይ ቆየና፣

"እንዴት ያምራል። ጀልባዎቹን አየሻቸው? ነጫጭ ናቸው" አለኝ።

ዞሬ ፊቱን አየሁት። ፈገግ ብሏል፤ ለኔ ሲል። አዎ፣ ያምራሉ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

ከዚያ ቀስ ብሎ፣ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ የሚያስረን ልጅም የለን፣ ወደ እናትሽ ቤት ብትመለሺ ማንም አይፈርድብሽም አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ዳግመኛ ከአፍህ እንዳይወጣ ብዬ ተቆጣሁት። እሱ ግን ውሃ አቀብይኝ በሚል ሰው ድምፅ፣

"ገደሉ በየት በኩል ነው?" አለኝ።

ከፊታችን ነበር እማዬ። የብረት አጥሩም ባንድ በኩል ወድቋል። የኮቱን እጅጌ ጨምድጄ ይዤ፣ ከኋላችን ነው፣ ሩቅ ነው አልኩት። ባሕሩ ግን እዚያው ከእግራችን ሥር ይጮኻል።

"ውሸት አያምርብሽም" አለኝ።

ተነሥቶ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ። እስከ ታች ድረስ እየመራሁት ወረድን።

አሁን ደግሞ ብቻዬን እወጣለሁ ይላል። መንገዱን ለምጄዋለሁ፣ አንቺ ዕረፊ ይለኛል። ጫማውን ለፔንሲዮኗ ባለቤት ሰጠኋት፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ደበቀችልኝ። ወደ ቤታችን እንመለስ ስለው፣ እዚህ አየሩ ተስማምቶኛል ይላል። በተገላበጠ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አቅም አጣሁ እማዬ።

ቅድም፣ ምን ጻፍሽላት፣ እስቲ አንብቢልኝ አለኝ። ይህንኑ ወረቀት ይዤ፣ ደህና ነን፣ ባሕሩን ወደድነው፣ ልጅዎም ፊቱ ሞላ ብሏል ብዬ አነበብኩለት። ጥሩ ጽፈሻል አለኝ። ድሮ በትከሻዬ ላይ አሾልኮ እያየ ፊደሌን ያርመኝ ነበር።

ይምጡልኝ። ይህን የሚያደርስልዎ የአውቶቡስ ሾፌር ሲመለስ ይዞዎት እንዲመጣ ለምኜዋለሁ። እኔን እምቢ ይለኛል፤ እርስዎን አይልም። እኔ እንደጠራሁዎት አይንገሩት። ምነው መጣሽ ካለዎት፣ ባሕር ማየት አማረኝ ይበሉት።

ፈጣሪ መንገድዎን ያቅናልዎ፣ በሰላም ያድርስዎ። እርስዎ እስኪደርሱም የያዝኩትን እንዳልለቅ ለእጄ ጉልበት ይስጥልኝ።

ልጅዎ የሆንኩ፣
የልጅዎ ሚስት