አባባ ታዴዎስ ለሚስተር ፑራን ያላዜሙት መዝሙር

አያታችን አቶ ታዴዎስ ሀብተማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተማርያምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ይመኙሻል በ1942 ዓ.ም ጎጃም፣ ቢቸና ተወለዱ። ዜማ ከአባታቸው ተማሩ። በ1976 በሱዳን በኩል ወጥተው በ1981 ቶሮንቶ ገቡ። ጄን ኤንድ ፊንች የሚባለው ሰፈር አፓርታማ ተከራይተው፣ ቢሮ ሲያጸዱ ኖረው ሪታየር አደረጉ። ነፍሳቸውን ይማርና ወ/ሮ እታገኝን አግብተው ጽጌንና እሸቱን ወልደዋል።

አንድ ቀን የፎቃችን ኤሌቬተር ስታክ አደረገና አባባ ከጎረቤታችን ከሚስተር ፑራን ጋር ውስጥ ቀሩ። ሚስተር ፑራን ከጉያና የመጡ ሂንዱ ነበሩ። ጭንቅ ሲላቸው በሳንስክሪት፣ በድሮው የጸሎት ቋንቋቸው፣ አምላካቸውን የሚያመሰግኑበትን መዝሙር ጀመሩ። አባባ ቃሉ ባይገባቸውም ዜማውን ተቀበሉ። ፋየርማኖቹ በሩን ሲከፍቱ «ቆዩ፣ አልጨረስንም» ብለዋቸዋል።

ከዛ በኋላ አልተለያዩም። ሚስተር ፑራን አድቫይታ የሚሉት ትምህርት ነበራቸው፤ ነፍስና ፈጣሪ ሁለት አይደሉም፣ አንድ ናቸው ይላሉ። አባባ ደግሞ «እኔና ፈጣሪ ሁለት ካልሆንን ያን ቀን ኤሌቬተሩን ለምን አላስነሳሁትም?» እያሉ ያደርቋቸው ነበር። እምነታቸውን አልለወጡም። መዝሙሩን ግን ወደዱት።

ሚስተር ፑራን ሲታመሙ «ልጄ መዝሙሩን አያውቀውም፤ ስሞት አንተ አዚምልኝ» ብለው ለመኗቸው። አባባ ቃል ገቡ። ሻወር ቤት ገብተው በሩን ዘግተው ይለማመዱ ጀመር።

እኛ የማናውቀው ቋንቋ ስንሰማ መንፈስ ነው አልን። ጽጌ በሃይላንድ ጸበል ይዛ መጣችና ረጨናቸው። «ስምህን ተናገር!» ብላ ስትጮህ «ታዴዎስ። የቤት ኪራዩም በኔ ስም ነው» አሉ። ሚስተር ፑራን ናቸው ያስተማሩኝ ሲሉን፣ መንፈሱ በጎረቤት አሳበበ ብለን ሳቅን።

ሚስተር ፑራን በ2016 አረፉ። አስከሬናቸው የሚቃጠልበት ጠዋት አባባ ሱፋቸውን ለብሰው ቁጭ ብለዋል። እሸቱ «እኔ አደርስዎታለሁ» ብሎ መኪና ውስጥ አስገባቸው። የጽጌ ልጅ አቤ በሩን ሎክ አደረገ። ይዘናቸው የሄድነው ግን ከከተማ ውጪ፣ ጸበል ነው። ስንመለስ ሁሉም አልቋል። ሚስተር ፑራን በር ላይ ሁልጊዜ የሚያወልቁት ጫማቸው እንኳ ተነስቷል።

አባባ አልተቆጡም። ከዛ ቀን ወዲህ ግን ሳንስክሪቱንም፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ዜማ ተዉት። እኛ «ተመስገን፣ ለቀቃቸው» እያልን ለሰው አወራን።

ዘንድሮ ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ገቡ። ጽጌ ጥፋታችን ገብቷት እግራቸውን ይዛ «አባዬ፣ ያንን መዝሙር እስቲ ይበሉት» ስትላቸው «ለማን?» አሏት። ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም አረፉ። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች ትተዋል።

አቤ ያኔ ለቀልድ፣ ዘመድ ለማሳቅ ብሎ በሻወር ቤቱ በር የቀዳው ድምፅ አሁንም ስልኩ ላይ አለ። መዝሙሩ ሙሉውን አለበት። መሐል ላይ ጽጌ በር ስትደበድብ ይሰማል፤ አባባ ግን አላቋረጡም። ከቀብሩ በኋላ አዳራሽ ስንገባ እናሰማዋለን። የሚስተር ፑራን ልጅ እንዲሰማው ለምነነው መጥቷል፣ ከኋላ ነው የተቀመጠው። ጸበል የያዛችሁ እናቶች፣ እባካችሁ ክዳኑን አትክፈቱ።

እኛን ይቅር ይበለን። አባባን እግዚአብሔር ማንም ዝም በማያሰኛቸው ቦታ ያሳርፍልን።