ሰማዩን ሲያዳምጡ የኖሩት ወይዘሮ ጥሩሸዋ ይታየው

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከአባታቸው ከአቶ ይታየው ወልደ አማኑኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ተክለጻድቅ በ1944 ዓ.ም. በመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ከካህኑ አጎታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1962 ዓ.ም. ከአቶ ወዳጆ በዕውቀቱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ወይዘሮ ጽናትንና ወንድሟን ምስክርን ወልደዋል።

ከልጅነታቸው ጀምሮ ማታ ደጅ ወጥተው ቀና ሳይሉ አይተኙም ነበር። እግዚአብሔር በከዋክብቱ፣ በነፋሱ፣ በወፉ ድምፅ ያናግረኛል ይሉ ነበር። “ብርዱ ነው የሚያናግርሽ” ብሎ የቀለደባቸውም ሳይቀር፣ ጭንቅ ሲመጣ ደጃቸውን ይጠና ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ገብሱ ፍሬ በያዘበት ሰሞን፣ ሰማዩ ጥርት አለ። በመንዝ እንዲህ ያለ ሰማይ ውርጭ እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ጎረቤቱ ኩበት አንድዶ ሰብሉን በጭስ ለማዳን ሲሰናዳ፣ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ወጥተው ቀና አሉ፤ ልባቸውን ሰላም ሞላው። “አይዟችሁ፣ አይነካንም ብሎኛል፤ ግቡና ተኙ” አሉ። ሰውም አምኗቸው ተኛ። ሲነጋ ገብሱ በውርጭ ተመቶ አለቀ። ምስክርም የቀን ሥራ ፍለጋ ቆላ ወርዶ፣ ወባ ይዞት እዚያው ቀረ። ወይ ነዶ!

ከዚያ ወዲህ ማታ ደጅ የሚወጡት ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ነበር። ጎረቤት አልወቀሳቸውም፤ እሱ ባሰባቸው። የነፍስ አባታቸው ሊያጽናኗቸው ሲሞክሩ፣ “የሰማሁት የገዛ ምኞቴን ቢሆንስ፣ አባ? ልጄን የበላሁት እኔው ብሆንስ?” ይሉ ነበር። ጾም ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ እንቅልፍ ግን ከዐይናቸው ራቀ። በቀብር ላይ ይህ ይነገራል ወይ የሚል ካለ ይቅር ይበለን፤ እሳቸው ሽንገላ አይወዱም ነበር።

ባደረባቸው ሕመም ደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆይተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አቶ ወዳጆ አንድ ማታ ደጅ ላውጣሽና ሰማዩን እዪው ብለው ቢለምኗቸው፣ “ተወኝ አንተ ሰው፤ እሱው ዘንድ ልሄድ አይደል? ቀርቤ እጠይቀዋለሁ” አሉ።

ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ ወዳጆ፣ ልጃቸው ወይዘሮ ጽናትና አራት የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ። ሲጠይቁትም ዝም አይበላቸው።