ለታማሚ የጠፋ፣ ለጥፋተኛ የተገኘ ክፍል

ለተከበሩ የመርከቡ የክፍል ድልድል ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከፊተኛው ባለ በረንዳ ክፍል እንድንነሣ ስለ መለመን

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ባልደረቦችዎ በሙሉ እንደምን ሰነበታችሁ እያልሁ፣ አምላክ ጤናችሁን፣ የምግብ ፍላጎታችሁንና በተለይም እንቅልፋችሁን እንዲጠብቅላችሁ እመኛለሁ። እንቅልፉን ለይቼ ማንሣቴ፣ እኛ የራሳችንን ከተሳፈርን ጀምሮ ለመርከቡ አስረክበን ዋጋውን ስላወቅነው ነው።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ማቅረብ ሲገባኝ፣ በምግብ አዳራሹ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከነገው የዳንስ ትምህርት ፕሮግራም ጎን መለጠፌ ድፍረት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዛሬ ጧት ሁለት ጊዜ በርዎን ባንኳኳ ሁለቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። እዚህ ሰሌዳ ፊት ግን፣ ምሳ የሚበላ ሰው ሁሉ ስለሚያልፍ፣ እርስዎም ማለፍዎ አይቀርም ብዬ ነው።

ማን እንደሆንሁ ባጭሩ ልናገር። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ፣ ሠላሳ አራት ዓመት በባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ፍሬንና ፋኖስ ይዤ ያገለገልሁ ጡረተኛ ነኝ። የኋላ ጠባቂ ዕድሜውን ሙሉ የሚያየው ያለፈውን ነው፤ ድልድዩም፣ ከተማውም፣ እጁን የሚያውለበልበው ሰውም ለእሱ የሚታየው ሲርቅ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈችው ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አብራኝ ስትጓዝ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከፊተኛው ፉርጎ ነበር። ቤታችን ስንገባ፣ “በል አንተ ያለፈውን ንገረኝ፣ እኔ የሚመጣውን እነግርሃለሁ” ትለኛለች። ተራራው ከፊት እንዴት እንደተከፈለ፣ ወንዙ እንዴት ብልጭ ብሎ እንደጠፋ ታወራልኛለች፤ እኔም በተራዬ ያው ተራራ ሲዘጋ፣ ያው ወንዝ ሲያንስ ያየሁትን እነግራታለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ የሚመጣውን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ።

እንግዲህ መምህርት የሆነችው ልጄ፣ “አባዬ፣ ዕረፍት ወጥቻለሁ፣ እስቲ በመርከብ ወጣ እንበል” ባለችኝ ጊዜ፣ በመርከቡ ሥዕል ላይ ጣቴን ቀጥ አድርጌ ያሳረፍሁት ከአፍንጫው ላይ ነው። ቲኬት ቆራጯ፣ “አባባ፣ የፊቱ ነፋስ ይበዛዋል፤ ከመሐል ወይም ከኋላ ያለው ይሻልዎታል” አለችኝ። እኔም፣ “የኔ ልጅ፣ ኋላውን ሠላሳ አራት ዓመት አይቼዋለሁ፣ ጠግቤያለሁ” አልኋት። ልጄ ሣቀች፣ ቲኬት ቆራጯም ሣቀች፣ ባሕሩም ሰምቶ ከሆነ ሳይሥቅ አልቀረም። ምከረው ምከረው እንቢ ካለ መከራ ይምከረው የተባለው እንደኔ ላለው ነውና፣ ከዚህ በታች ከምዘረዝረው ግማሹ የራሴ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። የቀረው ግማሽ የእርስዎ ስለሆነ፣ የሰው ዕቃ ይዤ መቆየት ስለማልወድ፣ በአክብሮት አስረክባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ በረንዳው በር። የማስታወቂያ መጽሔታችሁ ክፍላችንን “ባሕሩን ከማንም ቀድመው የሚያዩበት የግል በረንዳ” ይለዋል። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ደግሞ “ነፋስ ስለበረታ ለደኅንነትዎ ሲባል ተቆልፏል” ይላል። ሁለቱም ጽሑፎች በጥሩ ፊደል የታተሙ ናቸው። ለደኅንነቴ የሚጨነቅ ሰው ካጣሁ ቆይቻለሁና ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ብቻ ነፋሱ የሚበረታው መርከቡ ሲሄድ፣ በሩ የሚከፈተውም መርከቡ ሲቆም መሆኑን ታዝቤያለሁ። ወደብ የቆምን ዕለት በሩ ተከፍቶልን ከፊታችን የተንጣለለውን የዕቃ መጋዘን ግድግዳ ከማንም ቀድመን አየን። መጋዘኑ ጥሩ መጋዘን ነው፣ በእሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሁለቱን ወንበሮች ነፋስ እንዳይወስዳቸው ከግድግዳው ጋር ያሰራቸውን ሠራተኛም አደንቃለሁ፤ ቋጠሮውን መርምሬዋለሁ፣ የሙያ ሰው ሥራ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ መልሕቁ። የመልሕቁ ሰንሰለት ከአልጋችን ሥር እንደሚያልፍ በመጽሔታችሁ አልተጠቀሰም፤ ያልጠበቅነውን እንድናገኝ ታስቦ ይመስለኛል። እኔ ለጸሎት በማለዳ ስለምነሣ ብዙም አልከፋኝም። ሰንሰለቱ ሲወርድ ግን ብርጭቆ ውስጥ ያስቀመጥሁት ሰው ሠራሽ ጥርሴ ብቻውን ሲያወራ ሰምቼ፣ ጸሎቴን ከየት እንዳቆምሁት ጠፍቶኝ እንደገና መጀመሬን ልደብቅዎ አልችልም።

ሦስተኛ፣ ስለ ብረቱ። የሌሎች ክፍሎች በረንዳ መስታወት ሲኖረው፣ የእኛ ከፊት ሆኖ ነፋሱን ስለሚጋፈጥ እስከ ደረት የሚደርስ ነጭ ብረት ነው። የቆመ ሰው ነፋሱ ያስለቅሰዋል፣ የተቀመጠ ሰው ብረት ያያል። በሦስተኛው ቀን ባሕሩ ትንሽ ረጋ ብሎ በሩ ለግማሽ ሰዓት ተከፈተና፣ ከታሰሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ያንን ብረት ፊት ለፊት ሳየው፣ ውስጥ ባሕሩ አጥወልውሏት ለተኛችው ልጄ፣ “እናትሽ ይህን ብታይ ምን ትል ነበር” አልኋት። “እማዬማ ለምዳዋለች” አለችኝ። ምኑን ብላት፣ “አባዬ ደግሞ፣ ከፊተኛው ፉርጎ ፊት ምንድን ነው ያለው?” ብላ መልሳ ጠየቀችኝ።

ያለው የሎኮሞቲቩ ጀርባ ነው። በሐዲድ ላይ ያረጀ ሰው ይህን ከመምህርት ልጁ ሊማር አይገባውም ነበር። “ታዲያ ያን ሁሉ ተራራና ወንዝ ከየት ታመጣው ነበር” ብላት፣ “በየጣቢያው ወርዳ ነጂውን ትጠይቀዋለች እንጂ። እኔን ቦርሳዋን ታሲዘኝና፣ ፀሐይ ላይ ቆማ፣ ቀጥሎ ምን አለ፣ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለች መድረሻ ታሳጣዋለች። አንድ ጊዜማ ባቡሩ ጥሎን ሊሄድ ነበር። ለአባትሽ የማወራው እንዳላጣ ትለኝ ነበር” አለችኝ።

ይህ የቢሮዎ ጥፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ከሦስተኛው ቅሬታ ሥር የገባው ብረቱን እያየሁ የሰማሁት ስለሆነ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። አንዲት ሴት እኔ የምሰማው እንዳላጣ በየጣቢያው ፀሐይ ላይ ትቆም ነበር፤ እኔ ደግሞ የማየው እንዳላጣ ልጅዋን የመርከብ አፍንጫ ላይ አስተኝቻለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ልጄ። የመርከብ ፊት ከሌላው አካሉ ሁሉ ይልቅ እንደሚነሣና እንደሚወድቅ እዚህ መጥቼ ነው የተማርሁት። ልጄ ከተሳፈርንበት ምሽት አንሥቶ ከውኃና ከደረቅ ብስኩት በቀር ሆዷ የተቀበለው ነገር የለም። የመርከቡ ነርስ መጥታ አይታት፣ “ከመሐል፣ ከታችኛው ፎቅ ብትተኛ አንድ ቀን ሳይሞላት ትነሣለች” ብላኛለች። በአራተኛው ቀን ጧት የክፍል ለውጥ ማመልከቻ ሞላሁ። ዛሬ፣ በአምስተኛው ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ መልሱ በበሩ ሥር ሾልኮ ገብቶ አገኘሁት፦ “በመርከቡ ላይ ምንም ክፍት ክፍል ስለሌለ ጥያቄዎን ለመቀበል የማንችል መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።” ፍጥነታችሁን አደንቃለሁ። እምቢታ እንዲህ በአንድ ቀን ሲደርስ በዕድሜዬ አላየሁም፤ እኛ ምድር ባቡር ዘንድ እንኳ ሳምንት ይፈጅ ነበር።

አምስተኛ፣ ስለ መጋረጃው። ከዚያው መልስ ጋር አብሮ የገባ ሌላ ወረቀት አለ። መርከቡን የሚመሩት መኮንኖች ከእኛ ክፍል በላይ ስለሚቆሙ፣ ሲመሽ ከመስኮታችን የሚወጣ ብርሃን ዓይናቸውን ያጥበረብርባቸዋልና መጋረጃ መዘጋት አለበት። ይህ ተገቢ ደንብ ነው። እኛ ግን ሁለት ጊዜ ተላልፈነዋል፤ አንድ ጊዜ እኔ ደንቡን ሳላውቅ ለማታ ጸሎት ስቆም፣ ሌላ ጊዜ ትናንት ምሽት ልጄ የታፈነች መስሏት መስኮቱ ጋ ስትሄድ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ “ለሦስተኛ ጊዜ ቢደገም ከመርከቡ መሐል በሦስተኛው ፎቅ ወደሚገኘውና ተዘጋጅቶ ወደሚጠብቀው መስኮት አልባ ክፍል የምትዛወሩ መሆኑን እናስጠነቅቃለን።”

የተከበሩ ኃላፊ ሆይ፣ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ መነጽሬን ሁለት ጊዜ ጠርጌ አነበብኋቸው። ቀኑ አንድ ነው፣ ፊርማውም አንድ ነው፣ የእርስዎ ነው። አንደኛው ክፍል የለም ይላል፣ ሁለተኛው ክፍሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል ይላል። ለታማሚ የጠፋው ለጥፋተኛ ተገኘ ማለት ነው። አንድ እጅ ሁለቱንም ሲፈርም ጣቶቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ይደንቃል።

ከጎናችን ያሉት ጡረተኛ የጥርስ ሐኪም ነገሩን ሲሰሙ ከት ብለው ሥቀው፣ “ወንድሜ፣ ምን ያስጨንቅሃል፣ ዛሬ ሲመሽ መጋረጃውን ወለል አድርገህ ከፍተህ መብራቱን ሁሉ አብራው፤ ነገ ከመሐል ታድራለህ” አሉኝ። እውነቱን ልናገር፤ ሐሳቡ ጣፈጠኝ። ክፍሌ ተመልሼ መጋረጃውን በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። ነገር ግን እኔ የፋኖስ ሰው ነኝ። መንገድ ለሚፈልግ ዓይን ያለ ቦታው የበራ መብራት ምን እንደሚያደርግ፣ በዚያ ሥራ ላይ ያየሁትን አይቻለሁ። እዚህ መርከብ ላይ ስንት ነፍስ እንዳለ ለእርስዎ አልነግርም፤ የደለደሏቸው እርስዎ ነዎት። ስለዚህ መጋረጃውን ለቀቅሁት፤ እስክንወርድ ድረስም እንደተዘጋ ይቆያል። መጋረጃውን ሳልከፍት ከፍቻለሁ ብዬ እንዳልፈርም ደግሞ፣ በየማለዳው ፊቱ የምቆመውን አፍራለሁ።

ክፍሉ የሚሰጠው ለጥፋተኛ ብቻ ከሆነ ግን ባዶ እጄን አልመጣሁም። ነርሷ ምክሯን የሰጠችን በሁለተኛው ቀን ጧት ነው፤ እኔ ማመልከቻውን የሞላሁት በአራተኛው ቀን ጧት ነው። በመካከል ያሉትን ሁለት ቀናት፣ ልጄ ባልዲ አቅፋ ተኝታ ሳለች፣ ነፋሱ ይበርድና በሩ ይከፈት ይሆናል እያልሁ ጠበቅሁ። እሷ አንድ ቀን እንኳ እንነሣ አላለችኝም፤ ለምን እንደመረጥሁት ታውቃለችና፣ “እኔ ደኅና ነኝ አባዬ፣ አንተ እይ” ትለኝ ነበር። ደኅና አለመሆኗን ዓይኔ እያየ ደኅና ነኝ ማለቷን አመንኋት፤ ማመኑ ይስማማኝ ስለነበር። ይህ ጥፋት በመርከቡ ደንብ ውስጥ ቁጥር አይኖረው ይሆናል። በእኔ ሚዛን ግን ከመጋረጃ ይከብዳል። ስለዚህ በሦስተኛው ጥፋት ቦታ ይህ ተመዝግቦልኝ ቅጣቱ ዛሬውኑ እንዲፈጸምብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በታች ፈርሜበታለሁ፤ ምስክር ካስፈለገ ነርሷ አለች።

የቀሩን አራት ቀናት ናቸው። ሻንጣችንን አስረን ከበሩ ሥር አስቀምጠናል። ልጄን ደግፌ ደረጃውን የማወርዳት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከቢሮዎ የምንፈልገው ቁልፍ ብቻ ነው።

ለራሱ ደኅንነት በሩ የተቆለፈለት፣ ለሌሎች ደኅንነት መጋረጃውን የዘጋ፣ የመጋዘን ግድግዳ ከማንም ቀድሞ ያየ፣ በአንድ ጧት እምቢታንና ማስጠንቀቂያን በአንድ ፊርማ ለመቀበል የታደለ፣ ለቢሮዎ ዕድሜና ለስብሰባዎችዎ መጠናቀቅ ዘወትር የሚጸልይ፣

ታዛዥዎ
የፊተኛው ባለ በረንዳ ክፍል ተሳፋሪ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለመርከቡ አዛዥ፣ ለማወቅ ያህል
ለነርሷ፣ ከምስጋና ጋር (ይኸኛው ምስጋና የእውነት ነው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደዚህ ሰሌዳ ስመጣ ከደረጃው አጠገብ የተሰቀለውን የአደጋ ጊዜ መውጫ ካርታ ቆሜ አየሁት። የኃላፊዎች መኝታ ተብሎ የተጻፈው ከመርከቡ መሐል፣ በሦስተኛው ፎቅ፣ ለእኛ ቅጣት ከተዘጋጀው ክፍል ጋር በር ለበር ነው። ጎረቤት ልንሆን ስለሆነ ደስ ብሎኛል፤ እርስዎ ምን አጥፍተው እዚያ እንደገቡ ግን ካርታው አይናገርም።