በሁዳዴ ከበሮ ያለበት ኦራቶሪዮ

የካቲት 28፣ ቅዳሜ፣ ጧት 3 ሰዓት

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ መጋቢት 12 የምንዘምረው ኦራቶሪዮ ዘፈን አይደለም። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው፤ በመዘምራንና በመሣሪያ ይቀርባል። ትወና የለም፣ ልብስ መቀያየር የለም፣ ጭፈራ የለም። ይህን ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘውዴ በስልክ ሦስቴ አስረድቻለሁ። ማስታወሻዬ፣ አንተም ያዘው።

ድምፅ ማሟሟቅ አሥር ደቂቃ። ከዚያ ኖታው ላይ የአልቶን መስመር በእርሳስ ማስመር። አልቶ የሴቶቹ ዝቅተኛ ድምፅ ነው፤ ለኔ ዕድሜ የተሠራ። ውጭ ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ነፍሶ በረዶውን አቅልጦታል። የሰፈሬ የካስልሪጅ መንገድ ኩሬ በኩሬ።

አቀናባሪውን በልቤ የኔታ እለዋለሁ። ጀርመን ተወልዶ ለንደን ያረጀ ሰው። ዕድሜውን በጣልያንኛ ኦፔራ ሲጽፍ ኖረ። ክረምቱን እነሱን ስሰማ ከረምኩ። በኦፔራዎቹ ዘፋኟ የዜማዋን የመጀመሪያ ክፍል ትደግማለች፤ ስትመለስ ግን አስጊጣው ነው። ደካማ ተማሪ ድግግሞሽ ይለዋል። እኔ ክለሳ እለዋለሁ። በኋላ ኦፔራው አላዋጣ አለ። በዐቢይ ጾም ደግሞ እዚያም ቲያትር ይገደብ ነበር። የኔታ አላጉረመረመም። ትወናውን ትቶ ታሪኩን አስዘመረ። ጾም ያሳደገው ሙዚቃ ማለት ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጋቢት 1፣ ማክሰኞ፣ ከልምምድ መልስ

ዛሬ የተለማመድነው የግብፅ መቅሠፍቶችን ነው። የምንለማመደው በፒያኖ ብቻ ነው፤ ኦርኬስትራው ቅዳሜ ይመጣል። የዝንቡ መንጋ ሲደርስ የፒያኒስቱ ጣቶች ከፍጥነታቸው አይታዩም። መሪያችን ሎሬን እያስቆመች ታስደግመናለች፤ የሰለቸው አለ፣ እኔ አይሰለቸኝም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ድግግሞሽ ሊሰለቸኝ?

እትዬ ደወሉ። ከበሮ አለው ወይ? በሁዳዴ በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ለሳቸው ይህ የማይነካ ነገር ነው። የለውም አልኩ። የኖታ መጽሐፌን ገጽ በገጽ አይቻለሁ። እንግዲያው ቅዳሜ መጥቼ ልምምዱን አያለሁ አሉ።

ደስታዬን ልደብቅ አልችልም። እናታችን ስትሞት ያሳደጉኝ፣ መምህራን ማሠልጠኛ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ ቸስተርሚር ከልጃቸው ከዳዊት ጋር ይኖራሉ። ስዘምር ሰምተውኝ አያውቁም። እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

መጋቢት 5፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ

ከበሮ አለው።

አዳራሹ ስገባ ከኋላ ሁለት ትልልቅ የመዳብ ከበሮዎች። አንድ ሰው ጆሮውን አስጠግቶ ይቃኛቸዋል። እትዬ ከፊት ተቀምጠዋል። የኔ መጽሐፍ ለመዘምራን የተዘጋጀ ነው፤ ኦርኬስትራውን ሁሉ ጨምቆ በፒያኖ ብቻ ያሳያል። ከበሮው እዚያ ውስጥ የለም። አላወቅኩም ነበር። ያላጣራሁትን ተናገርኩ፤ ያውም ለሳቸው።

የመቅሠፍቱ በረዶ ሲወርድ መለከቱና ከበሮው አንድ ላይ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ደረቴም። እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ። ቀና ስል የእትዬ ወንበር ባዶ ነው።

በኋላ መኪና ውስጥ፣ ዳዊት እየነዳ፦

«የለም ብለሽኝ አልነበር?»

«አላየሁትም፣ እትዬ።»

«እኔ ከደጅ ሆኜ ሰማሁት።»

ማርያም የሙሴ እህት ከበሮ አንስታ ዘምራለች፣ ዘጸአት ላይ አለ አልኩ።

«እሷ ቀይ ባሕርን ተሻግራ ነው። አንቺ ከካስልሪጅ በባቡር መጥተሽ ነው።»

ዳዊት መሪውን ይዞ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። እሳቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። 

መጋቢት 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ። ሁልጊዜ አጠገቤ የሚቆሙት እትዬ ዛሬ ከግድግዳው ጥግ ቆሙ። ሰላም አሉኝ፣ ሳሙኝ፣ ሄዱ። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

የኔታ ላይ ተናደድኩ። ያለ ከበሮ ምን ይጎድልበት ነበር? ስልኬን ከፍቼ ደግሜ ሰማሁት። ብዙ ይጎድላል። በረዶው መውረድ አለበት። ምክንያቱም ወዲያው ጨለማው ይመጣል። ከበሮው የለም፣ መለከቱ የለም። ቫዮሊኖቹ ዝቅ ብለው ይጎተታሉ። መዘምራኑ ግራ እንደገባው ሰው ይገባሉ፤ ከዚያ አንዱ ቡድን ለብቻው፣ ሌላው ለብቻው። ግድግዳ እየዳሰሱ የሚሄዱ ይመስላሉ። ከዚያ ድምቀት ባይወጡ እንዲህ አይጨልምም። የኔታ ኋላ በእርጅናው ዓይኑ ጠፍቷል። ይህን የጻፈው ግን እያየ ነው። ከየት አወቀው?

ንዴቴ በረደ። እትዬ ይህን አልሰሙም። የበረዶው መዝሙር ሲጀምር ወጥተው አልተመለሱም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

ለሎሬን ነገርኳት። ጾሙን፣ እህቴን፣ ሁሉን። በትዕግሥት ሰማችኝ። ከፈለግሽ ከበሮ ባለበት ቦታ ሁሉ ተቀመጪ፣ ማንም አይጠይቅሽም አለች። ጥሩ ሴት ናት። በባቡር ስመለስ አሰብኩበት። መዘምራኑ ሁለት ቦታ ተከፍለን ነው የምንቆመው፤ በኔ በኩል አልቶዎች አራት ብቻ ነን። አንዷ ብትጎድል ይሰማል። ባይሰማም እኔ አውቀዋለሁ። ግማሹን ሠርቶ ላመጣ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም።

እትዬ ዛሬም አልደወሉም።

መጋቢት 10፣ ሐሙስ፣ ጧት

ወስኛለሁ። እዘምራለሁ፤ ሙሉውን። ጥፋት ከሆነ ለንስሐ አባቴ ራሴ እናገራለሁ። እትዬን ግን ላስገድድ አልችልም፣ ልተዋቸውም አልችልም። አሁን ለዳዊት ላክሁለት፣ እንዲያነብላቸው። ላንተም ገልብጬልሃለሁ፦

«እትዬ፣ ከበሮ የለውም ያልኩት ስህተቴ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ እዘምራለሁ። የእርስዎን ወንበር ከፊት አስቀይሬ በሩ አጠገብ አድርጌዋለሁ። መለከት ሲሰሙ ተነሥተው ይውጡ፤ በረዶው ነው፣ ቶሎ ያልፋል። ማንም አይቀየምዎትም፣ እኔም። ዝም ሲል ግን ይመለሱልኝ። ጨለማው ነው፤ ከበሮ የለበትም። ከሴቶቹ ዝቅ ያለውን ድምፅ ይፈልጉ፣ እዚያ ውስጥ አለሁ። መጨረሻው ላይ ከበሮው እንደገና ይመጣል፤ አሁን አጣርቻለሁ፣ አልደብቅዎትም። ያኔ እንደ ወደዱ። ወንበሩን ለሌላ ሰው መስጠት አልፈልግም። እባክዎ ነገ ከቀትር በፊት ይመልሱልኝ።»