ሙሉ ያልተጻፈው ሰዓት

ይድረስ በአራል ባሕር ዳር ለሚኖሩት ለውድ አባቴ ለቦራንባይ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ደረቅ ሜዳ ተነሥቶ ደጃፍዎ ድረስ ይምጣልኝ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን የሚጠዘጥዝዎ ሕመም ተወዎት? እናቴስ እንዴት ናት? ግመሎቹስ በዚህ ሐሩር ውሃ አገኙ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት መጻፍ አንገፍግፎኛልና እውነቱን ልንገርዎት። አባቴ፣ ከብዶኛል። አንድ ጉድጓድ አዳንኩ፣ አንድ ደግ ሰው ግን በእኔ ምክንያት ከሥራው ወጣ።

ሥራዬን ያውቁታል፤ የሞተር መዝጋቢ ነኝ። ሞተሩ ረጅም የብረት ቧንቧ ነው። ጫፉ ላይ መሰርሰሪያ ታስሮለት ጉድጓድ ይወርዳል፤ ከላይ በኃይል የምንገፋው ጭቃ በሆዱ ሲያልፍ ይዞራል። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ ፓስፖርት አለው፤ ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ የጭቃው ግፊት ስንት እንደነበር፣ ለምን እንደወጣ እጽፍበታለሁ። ሁለት መቶ ሰዓት የሞላው ሞተር ተፈትቶ ሳይታይ ተመልሶ አይወርድም። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ ተሰብሮ ከቀረ፣ ጉድጓዱም የስምንት ወር ልፋታችንም አብሮት ይቀበራል።

አንዳንድ ቀን ቀትር ላይ በመስኮቴ ሳይ፣ የቁፋሮው ማማ ከመሬት ተነሥቶ በሙቀቱ ውስጥ የሚንሳፈፍ ይመስለኛል። የሞተሩ ድምፅ እስከ ላይ አይሰማም፤ በውስጥ እግሬ ግን ይታወቀኛል። ከጭቃው ጋር ከሚወጣው ድንጋይ መካከል አልፎ አልፎ የዛጎል ስባሪ አገኛለሁ። ይህ ሁሉ ሜዳ አንድ ዘመን ባሕር ነበር አሉ። እሱን በእጄ ይዤ ስቀመጥ የማንን ሰዓት እንደምቆጥር ይጠፋብኛል፤ የሞተሩን ይሁን የባሕሩን።

አሥራ ሰባት ቁጥር የሚባል ሞተር ነበረን። እንደሱ ያለ ብርቱ አይተን አናውቅም፤ ሠራተኞቹ «ጥቁሩ ግመል» ይሉታል። መጀመሪያ ወርዶ የወጣ ዕለት ኡተገን አጋ ከኋላዬ ቆመው የምጽፈውን አዩ። እሳቸው፣ ሁላችን በአክብሮት «አጋ» የምንላቸው፣ ዋናው ቆፋሪያችን ናቸው፤ እዚህ ሥራ ያስገቡኝም እሳቸው ናቸው፤ ጡረታቸው ሊደርስ ሰባት ወር ቀርቷቸው ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ሙሉውን ልትዘረግፊው ነው? ዓይን እንዲበላው ነው የምትፈልጊው? አሥር ሰዓት ቀንሺለት እንጂ!» አሉኝ። ሳቅሁ። ግን እርስዎስ እንግዳ የግመሎቹን ብዛት ሲጠይቅዎት መቼ ሙሉውን ተናግረው ያውቃሉ? ያደግሁበት ነውና ቀነስኩ። አራት ጊዜ ወረደ፣ አራቱንም ጊዜ አሥር አሥር ቀነስኩ።

ባለፈው ወር የዕቃዎቹን ዕድሜና ብልሽት የሚከታተለው ኢንጂነር ታላፕ ከከተማ መጣ። ፓስፖርቱን ገለጠና «መቶ ሃምሳ ሰዓት ነው የሠራው፤ ገና ሃምሳ አለው። የቀረንን አርባ አምስት ሰዓት በሱ እንጨርሳለን» አለ። እውነተኛው መቶ ዘጠና ነበር። ኡተገን አጋን አየኋቸው፤ ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን ያያሉ። ዝም ብል ጉድጓዱ መጥፋቱ ነው፤ ብናገር እሳቸው መጥፋታቸው ነው። ክሬኑ ሞተሩን ከመደርደሪያው ሲያነሣው ግን «አውርዱት! ውሸት ነው የጻፍኩት!» ብዬ ጮህኩ።

ታላፕ የምቀልድ መስሎት ነበር። «ማን አዘዘሽ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አሉ ኡተገን አጋ። «እሷን ተዋት፤ ትልቅ ሰው ያላትን ሰማች፣ ምን ታድርግ?» ሞተሩ ጥገና ሄዶ ሲፈታ በውስጡ ያለው ጎማ ተቦጫጭቆ፣ ዘንጉም ተሰንጥቆ ተገኘ። ቢወርድ ኖሮ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም ነበር። አለቆቹ እኔን በማስጠንቀቂያ አለፉኝ፤ እሳቸውን ግን አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ በፊታቸው ማለፍ አፍሬ በኋላ በር ነበር የምወጣው።

ትናንት ጠዋት፣ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሳይመጣ፣ ኡተገን አጋ ወደ ክፍሌ ገቡ። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ተነሣሁ። እሳቸው ግን የሥራ ማስረጃቸውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግተው «አንቺ ሙዪልኝ፤ የኔ ዓይን ደክሟል» አሉኝ። ስንት ዓመት እንደሠሩ ለጠየቃቸው ሁሉ «ሃያ ምናምን» ነበር የሚሉት። «ስንት ልበል?» አልኳቸው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ከአምስት ወር» አሉ። «ሙሉውን ጻፊው ልጄ። ከእንግዲህ ዓይን የሚበላው ነገር የለኝም።»

እናቴን እጇን ይሳሙልኝ። ወንድሜ ኤርሳይንን፣ ባለቤቱን ዛሚራን፣ ትንሿን ቶቲን በያሉበት ሰላም በሉልኝ። እርስዎ ግንባሬን እንደሳሙኝ ቆጥሬ ደብዳቤዬን አጠፍኩ።

ልጅዎ ዣዲራ

ከኡስቲዩርት ሜዳ፣ የቁፋሮ ካምፕ
ኦገስት 14 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.