ግምቱ በእኔ ላይ ይደፋ

መቱ፣ ሐምሌ 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እናቴ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽ ብርዱን ቻለው? ያፈስ የነበረው የቤቱ ክዳን ተሠራልሽ? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ከግንቦት ወዲህ ፋታ አልሰጠንም፤ ሱቁ ግን አልተዘጋም፣ ጤናዬም አልጎደለም።

ሐሙስ የግብር ይግባኝ ሰሚዎች ፊት እቀርባለሁ። ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። የዕለት ማስታወሻ እንደምይዝ ታውቂያለሽ፤ ይህን ግን እዚያ አላሰፈርኩትም፤ ዘንድሮ ቤት ይፈተሻል። ደብዳቤውንም በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁት ለዚሁ ነው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ጨውና በርበሬ የምትቸረችር ሽብሬ የምትባል ሴት አለች። የሁሩሙ ሰው ናት፤ ባሏ ሞቶባታል። ፅጌረዳ የምትባል ልጅ አለቻት። የልጅቷ የእግር አጥንት መግል ቋጥሮ፣ ሐኪሙ «ቶሎ ካልተከፈተ ይቆረጣል» አላት። የምትከፍለው የላትም። ድኻ በነጻ እንዲታከም ቀበሌ ወረቀት ይጽፋልና ሄዳ ጠየቀች። ሊቀ መንበሩ ጓድ ኩመራ «አንቺ እኮ ግብር ከፋይ ነሽ! ፈቃድ ያለው ነጋዴ ከመቼ ወዲህ ነው ድኻ የተባለው?» ብሎ መለሳት። መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመችና፣ «ማል ጎና፣ ምን እናድርግ? ግብሩ ነው ያደኸየኝ፤ ስለከፈልኩት ደግሞ ድኻ አይደለሽም ይሉኛል» አለችኝ። በዚያው ሳምንት የባለ ወፍጮው የዲንቃ እናት በነጻ ወረቀት ታክመው፣ በልጃቸው መኪና ወደ ቤት ሲመለሱ አይቻለሁ። ለኩመራ አማቱ ናቸው።

ዘንድሮ ነጋዴው ከመረጣቸው ገማቾች አንዱ እኔ ነኝ። የትንሽ ነጋዴ ግብር በዓይን ነው የሚገመተው፤ ሱቁን አይተን፣ ገበያውን አስበን ይህን ያህል ይሸጣል እንላለን። ገማቹ የራሱ ተራ ሲደርስ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ባልንጀሮቹ ይገምቱታል። የአንድ ሱቅ ረድፍ ድምር ግን ከአምናው ማነስ የለበትም፤ ለአንዱ ሲቀልለት ለሌላው ይከብደዋል።

የሽብሬ ተራ ሲደርስ «ይህች ሴት ነጋዴ አይደለችም፤ ሰርዟትና ወረቀቷን ስጧት» አልኩ።

የግምቱ ኮሚቴም ሰብሳቢ ኩመራ ነውና «ጉድለቱን ማን ይሞላዋል?» አለ። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«በእኔ ላይ ይደፋ» አልኩ።

ሳቁብኝ። ኩመራ «ነጋዴ በገዛ አፉ ግብር ሲጨምር ያየሁት ዛሬ ነው። ዝናቡ አናትህ ውስጥ ገባ እንዴ?» አለና አስወጣኝ።

ብልጥ ነኝ ባይ ልጅሽ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውጭ ከክዳኑ ሥር ተጠግቼ የምሰማው የቆርቆሮውን ጩኸት ብቻ ነበር። ውስጥ ግን፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ «የእሱ ሱቅ ይህን ከቻለ፣ ጎረቤቶቹ ምን አነሳቸው?» ተባባሉ። የረድፉን ሰው ሁሉ በእኔ ልክ ከፍ አደረጉት። የዲንቃ ወፍጮ ብቻ ባለበት ቀረ፤ «አቻ የለው፣ በምን እንለካዋለን?» ተብሎ።

ሽብሬ ተሰረዘች፤ ወረቀቱን አገኘች፤ የልጅቷ እግር ተከፈተ። አንድ ቀዶ ጥገና ይቀራታል። የጨው መደቧን ግን ወዲያው ለሌላ ሰጡባት።

ግምቱ ሲለጠፍ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። ከአገር ስመጣ ቤቱ ያስጠጋኝን ልብስ ሰፊውን ወልደ ማርያምን ታስታውሽዋለሽ። «ጽድቁን ለራስህ፣ ዕዳውን ለእኛ አደረግኸው» አለኝ። «የስፌት መኪናዬን ሽጬ ግብር ከከፈልኩ በምን ልሰፋ ነው? በጥርሴ? ያኔ ለእኔም ወረቀት ታስጽፍልኛለህ?» እውነቱን ነው። ዲንቃ ላይ ልናነሳው ያልደፈርነውን ሸክም እርስ በርሳችን ተቀባበልነው።

ጎረቤቶቼ ይግባኝ ብለዋል። ሐሙስ «ግምትህን ለምን አስጨመርክ?» ተብዬ እጠየቃለሁ። «ለሴትየዋ ብዬ ነው እንጂ ሽያጬስ አልጨመረም» ብል ወረቀቷ ይቀደዳል፣ ልጅቷም ሕክምናዋን ሳትጨርስ ትቀራለች። ኩመራም ከወዲሁ «ኮሚቴ የሚያታልል አሻጥረኛ ነው፤ አሻጥረኛ የት እንደሚያድር አንተ አታጣውም» ብሎኛል። ዝም ካልኩ ደግሞ ወልደ ማርያም መኪናውን ይሸጣል።

እንደ ነጋዴ አሰብኩበት። የግብሩን ሰው፣ ለሌላ የምጠይቅ መስዬ፣ «ሁለት ንግድ አንድ ቤት ውስጥ ቢገባስ?» አልኩት። «በአባወራው ስም ተደምሮ ይገመታል፤ ለጎረቤት ግን መለኪያ አይሆንም» አለኝ። እንዲህ ከሆነ፣ ሽብሬ ሚስቴ ሆና ቤቴ ብትገባ በእኔ ላይ የተጨመረው ግምት የእሷ የጨው ንግድ ነው ይባላል፤ የረድፉ ድምር አይጎድልም፤ ጎረቤቶቼም ወደ አምናው ይመለሳሉ። ነጻ ወረቀቱን እንመልሳለን፤ የቀረውን ሕክምና እኔ እከፍላለሁ።

ለሽብሬ ነገርኳት። ትክ ብላ አየችኝና «ይህ ሁሉ ለግብሩ ነው? ወይስ ሌላም የምትለው አለህ?» አለችኝ። እንደምታውቂው አንደበቴ ቶሎ አይፈታም። «ሌላም አለ» አልኩ። በማግስቱ ሱቁን ስከፍት የጨው ሚዛኗን ተሸክማ መጣችና ከእኔ ሚዛን አጠገብ አስቀመጠችው። «ሐሙስ ሲጠይቁህ እንዳትንተባተብ» አለችኝና ወደ ልጇ ሄደች።

ኩመራ ላያምነኝ ይችላል። ካልተመለስኩ የሱቁ ቁልፍ በሽብሬ እጅ ነው፤ ይህንም ወልደ ማርያም ያውቃል።

እናቴ፣ ለመስቀል ስመጣ ልታጪልኝ ያሰብሽበትን ቤተሰብ በክብር አሰናብቺልኝ፤ እነሱ ያጎደሉት ነገር የለም። ይህን የሚያነብልሽ ሰው ሲጨርስ ዝም ብትይ አልቀየምሽም። ብቻ እጅሽ ካልሰነፈ፣ ለሰባት ዓመት ልጅ የምትሆን ቀሚስ አሰፊልኝ። ጠባሳው እንዳይታይባት ረዘም ብታደርጊው ይሻላል።

ፈጣሪ ዕድሜሽን ያርዝመው፤ ደጅሽን ሰው አያሳጣው። ሐሙስ ጠዋት ከቤትሽ ደጃፍ ቆመሽ መርቂኝ፤ እኔም እዚህ አሜን እያልኩ እገባለሁ።

ልጅሽ